የጌታውን መምጣት የሚጠብቅ ሰው ሥራውን አይተውም

ልጆች ሆይ፤ አንድ አባት ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ በተነሣ ጊዜ ሦስቱን ልጆቹን ጠርቶ ሥራ ሰጣቸው እንበል። የመጀመሪያውን፦ «ከብቶቹን ጠብቅ» አለው፤ ሁለተኛውን፦ «እህሉን ከዝንጀሮ ጠብቅ» አለው፤ ሦስተኛውንም፦ «ለእናትህ ውኃ ቅዳ፤ እንጨትም ልቀም» አለው። ከዚህም በኋላ፦ «በእርግጥ እመለሳለሁ፤ በተመለስሁም ጊዜ የእያንዳንዳችሁን ሥራ አያለሁ» ብሎ ነገራቸው። የሚመለስበትን ቀን ግን አልነገራቸውም።

አባትየው ከሄደ በኋላ የመጀመሪያው ልጅ «አባቴ ዛሬ ይመጣል» እያለ ከደጅ ተቀምጦ ቀኑን ሁሉ መንገዱን ይመለከት ጀመረ። ከብቶቹም ጠባቂ ስላጡ ከሰው እርሻ ገብተው እህል አጠፉ። ሁለተኛው ልጅ «አባቴ ዘግይቷል፤ እንግዲህ አይመጣም» ብሎ ከጓደኞቹ ጋራ ሲጫወት ዋለ፤ እህሉንም ዝንጀሮ ጨረሰው። ሦስተኛው ልጅ ግን በማለዳ ተነሥቶ ውኃውን ቀዳ፤ እንጨቱንም ለቀመ። ሥራውንም በፈጸመ ጊዜ ከጉብታው ላይ ወጥቶ አባቱ በሄደበት መንገድ አሻግሮ ይመለከት ነበረ። እንግዲህ ከእነዚህ ከሦስቱ ልጆች አባቱን በእውነት የጠበቀ ማንኛው ነው?

«ሦስተኛው ነው» እንደምትሉ አልጠራጠርም። የመጀመሪያው ልጅ አባቱን የወደደ ይመስል ነበረ፤ ነገር ግን የአባቱን ፊት ለማየት ሲቸኵል የአባቱን ቃል ረሳ። ሁለተኛው የአባቱን ቃል እንደ ሐሰት ቈጠረው። ሦስተኛው ግን ቃሉንም አመነ፤ ሥራውንም ሠራ። እኛም በዚህ ምንባብ የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ዳግመኛ መምጣት እንዴት እንደምንጠብቅ፣ ስለዚያችም ቀን የሚነገረንን ነገር ሁሉ በምን እንደምንመዝን እንማራለን። በዚህ ምንባብ የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ዕወቁ።

ክርስቲያኖች ሁሉ ጌታችን ዳግመኛ ይመጣል ብለን እናምናለን። ይህም እምነት ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ፣ በ381 ዓ.ም. ደግሞ በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ክርስቶስ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ በክብር እንደሚመጣ በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ አኑረውልናል። ይህንንም ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ትልቁም ትንሹም ይደግመዋል። ነገር ግን አባቶች ይህን ከልባቸው አንቅተው አልጻፉትም፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተቀበሉት ነው እንጂ።

ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ፣ ከቄድሮን ሸለቆ ማዶ፣ ደብረ ዘይት የሚባል ተራራ አለ። ጌታችን በዚህ ተራራ ላይ ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ቀርበው የመምጣቱ ምልክት ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱም አስቀድሞ የነገራቸው ማንም እንዳያስታቸው ተጠንቅቀው እንዲኖሩ ነው። በስሙ የሚመጡ ብዙ አሳቾች እንደሚነሡ፣ ጦርነትና ራብ፣ የምድርም መናወጥ እንደሚሆን ነገራቸው። ስለ ቀኒቱና ስለ ሰዓቲቱ ግን ከአብ በቀር ሰውም ቢሆን፣ የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ እንደማያውቁ ገለጠላቸው። ልጆች ሆይ፤ ይህን ቃል በልባችሁ አኑሩት፤ ለምንባባችን ሁሉ መሠረት ነውና።

ከትንሣኤው በኋላም ጌታችን በዚያው በደብረ ዘይት ከደቀ መዛሙርቱ ተለይቶ ወደ ሰማይ ዐረገ። እነርሱም ዐይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ቆመው ቀሩ። ያን ጊዜ ነጭ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች በአጠገባቸው ቆመው፣ ሰማዩን እያዩ ስለ ምን እንደሚቆሙ ጠየቋቸው፤ ጌታችንም ሲሄድ እንዳዩት እንዲሁ እንደሚመለስ ነገሯቸው። ደቀ መዛሙርቱም ይህን ሰምተው በተራራው ላይ ድንኳን አልተከሉም። ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው በጸሎት ተጉ፤ መንፈስ ቅዱስንም ከተቀበሉ በኋላ ወንጌልን ሊያስተምሩ ወጡ። የተስፋው ቃል ከተራራው ወደ ሥራቸው መለሳቸው እንጂ በተራራው ላይ አላስቀመጣቸውም።

አሁን ደግሞ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን ጥቂት እንናገር። ወደ ገበያ ወርዳችሁ አቡጀዴ ብትገዙ፣ ነጋዴውም በክንዱ ቢለካላችሁ፣ ክንዱ አጭር የሆነ ነጋዴ ጥቂት ጨርቅ ይሰጣችኋል፤ ክንዱ ረዥም የሆነውም ብዙ ይሰጣችኋል። ስለዚህም በሻጭና በገዢ መካከል ጠብ ይነሣል። ነገር ግን የታወቀው ሜትር በመጣ ጊዜ ጠቡ ይበርዳል፤ ነጋዴው ለሜትሩ ይታዘዛል እንጂ ሜትሩ ለነጋዴው አይታዘዝምና። መጽሐፍ ቅዱስም ለሃይማኖት ነገር እንዲሁ ያለ መለኪያ ነው። የመምህሩ ቃል፣ የሰባኪው ቃል፣ የባሕታዊውም ቃል በእርሱ ይለካል።

ጌታችን ራሱ በምድረ በዳ ሳለ ዲያብሎስ ሦስት ጊዜ ፈተነው፤ እርሱም ሦስቱንም ጊዜ ከተጻፈው የእግዚአብሔር ቃል ጠቅሶ መለሰለት። የሰማይና የምድር ጌታ ሆኖ ሳለ በመጽሐፍ ቃል ከመለሰ፣ እኛማ ከመጽሐፍ ርቀን እንዴት እንቆማለን? ደግሞም ይህን ልብ በሉ፤ ዲያብሎስም በዚያ ቀን ከመጽሐፍ አንድ ቃል ጠቅሶ ነበረ። ጌታችን ግን በሌላው የመጽሐፍ ቃል ስሕተቱን ገለጠበት። ስለዚህ አንዲቱን መሥመር ብቻ ነጥቆ መሮጥ መጽሐፍን ማክበር አይደለም። መጽሐፍን የሚያከብር ሰው የተሰወረውን ቃል በተገለጠው ቃል ይተረጕማል፤ መጀመሪያውንም ከመጨረሻው ጋራ ያስተያያል።

የጌታችንን መምጣት ስለ መጠበቅ ከሁሉ አስቀድመው የተጨነቁት የተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ናቸው። ተሰሎንቄ በመቄዶንያ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ዛሬም በግሪክ አገር ከአቴና ቀጥላ ሁለተኛይቱ ታላቅ ከተማ ናት። ቅዱስ ጳውሎስ በ50 ዓ.ም. ገደማ ወደዚያች ከተማ ገብቶ በአይሁድ ምኵራብ ሦስት ሰንበት ከመጻሕፍት እየጠቀሰ አስተማረ። ብዙዎችም አመኑ። ነገር ግን ሁከት ስለ ተነሣ ወንድሞች በሌሊት ከከተማዪቱ አወጡት። እነዚያ አዲስ አማኞችም መምህራቸው ከተለያቸው በኋላ ሦስት ነገር አስቸገራቸው።

አንደኛው ኀዘን ነበረ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሞተው ነበርና «ጌታ በሚመጣበት ጊዜ ሙታኖቻችን ይቀሩ ይሆን?» ብለው አዘኑ። ቅዱስ ጳውሎስም ተስፋ እንደ ቈረጠ ሰው እንዳያዝኑ ጻፈላቸው፤ በክርስቶስ አምነው ያንቀላፉት አስቀድመው እንደሚነሡ፣ በሕይወት ያሉትም ከእነርሱ ጋራ ሆነው ጌታን እንደሚቀበሉ ገለጠላቸው። ልጆች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል እናቱን ወይም አባቱን፣ እኅቱን ወይም ወንድሙን የቀበረ ልጅ ቢኖር ይህ ቃል ለእርሱ ተጽፏል። ክርስቲያን ያለቅሳል፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና። ነገር ግን የክርስቲያን ልቅሶ ከመቃብሩ ማዶ የሚያይ ልቅሶ ነው።

ሁለተኛው ድንጋጤ ነበረ። የጌታ ቀን ደርሳለች የሚል ወሬ በመካከላቸው ተሰማ። ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው መልእክቱ፣ ከእርሱ ዘንድ እንደ መጣ ተደርጎ በሚነገር ቃልም ሆነ በሚነበብ ደብዳቤ ቶሎ እንዳይናወጡ አስጠነቀቃቸው። በመልእክቱም መጨረሻ ሰላምታውን በገዛ እጁ ጻፈ፤ ይህም የእጁ ጽሕፈት በመልእክቱ ሁሉ የሚታወቅበት ምልክት መሆኑን ነገራቸው። ይህም እውነተኛውን ደብዳቤ ከሐሰተኛው ይለዩ ዘንድ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ፈትነት ነበረ። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ትተው በሰው ነገር እየገቡ ይዞሩ ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ነበረ፤ በተሰሎንቄም ሳለ በማንም ላይ እንዳይከብድ ሌሊትና ቀን ይሠራ ነበረ። ስለዚህ በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዘ፤ መሥራት የማይወድም ሰው ከሌላው ገበታ እንጀራ ሊጠብቅ እንደማይገባው ጻፈ። የታመመውንና አቅም ያጣውን አልገሠጸም፤ እየቻለ እንቢ ያለውን ገሠጸ እንጂ።

ቅዱስ ጳውሎስ ከተሰሎንቄ ወጥቶ የሄደባት ከተማ ቤርያ ትባላለች። የቤርያ ሰዎችም ቃሉን በደስታ ተቀበሉ፤ ነገር ግን የነገራቸው ነገር እንደዚያ እንደ ሆነ ለማወቅ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበረ። ሐዋርያው ራሱ ሲያስተምር ሰምተው እንኳ መረመሩ! የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም። እንግዲህ ትምህርትን በመጽሐፍ መመርመር የትዕቢት ሥራ አይደለም፤ የልበ ሰፊ ሰው ሥራ ነው።

የሐሰተኛ ደብዳቤን ነገር ካነሣን፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ፊደል ቈጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ ከመምህሬ ከየኔታ ዘንድ እማር ነበረ። ወሩ ግንቦት ነበረ፤ ገበሬውም ማሳውን እያለሰለሰ ዝናቡን ይጠብቅ ነበረ። አንድ መንገደኛ ከገበያችን መጥቶ «ይህ ደብዳቤ ከሰማይ ወርዷል» እያለ የተጻፈ ወረቀት ያሳይ ጀመረ። በወረቀቱም ላይ ሰኔ ሳያልቅ ዓለም እንደምታልፍ፣ የወረቀቱንም ግልባጭ ገዝቶ ከቤቱ ያላኖረ ሰው ርግማን እንደሚያገኘው ተጽፎ ነበረ።

ሰዉም ፈራ። አንዳንዱ በጉን አረደ፤ አንዳንዱም «ለማን አርሳለሁ?» ብሎ በሬውን ፈታ። በጎረቤታችን አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ልጅም ረዳትም አልነበራቸውም። እርሳቸውም ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ሸጠው ወረቀቱን ገዙ፤ ለዘር ያኖሩትንም ገብስ ፈጭተው ጋግረው ለነዳያን ሰጡ። ልባቸው ንጹሕ ነበረ፤ ነገር ግን የሚያነብላቸው አጡ።

በእሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ሕዝቡን ከዋርካው ጥላ ሥር አስቀመጡ። እኔንም ጠርተው የአማርኛውን የማቴዎስ ወንጌል በእጄ አስያዙኝና «አንተ ልጅ፤ ይህን አንብብ፤ ድምፅህን ከፍ አድርግ» አሉኝ። ጕልበቴ እየተንቀጠቀጠ አነበብሁ፤ ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ከተጻፈበት በደረስሁ ጊዜ «ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት። «ሦስተኛ ድገመው» አሉኝ፤ ሦስተኛም ደገምሁት። ከዚህም በኋላ የኔታ ወደ ሕዝቡ ዘወር ብለው «ጌታ አይታወቅም ያለውን ቀን ይህ ሰው ከየት ዐወቀው? እንግዲህ ማንኛቸውን እናምናለን?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡም ዝም አለ። ያ መንገደኛ ግን በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ገንዘቡን ይዞ ሄደ፤ ከዚያም ወዲያ አላየነውም።

ሰኔ አለቀ፤ ፀሐይም እንደ ወትሮዋ ወጣች። ሕዝቡም ለባልቴቲቱ አንዱ አንድ ቁና፣ አንዱም ግማሽ ቁና እያዋጣ ዘር ሰጣቸው፤ ጎረምሶችም ማሳቸውን አረሱላቸው። ነገር ግን ዘሩ ዘግይቶ ስለ ተዘራ መከሩ ጥቂት ሆነ፤ ጊደራቸውም አልተመለሰችላቸውም። አንድ ቀን ከውኃ መንገድ ሲያገኙኝ እጃቸውን ከራሴ ላይ አኑረው «ልጄ፤ ያን ጽሑፍ አንድ ሳምንት ቀድመህ አንብበህልኝ ቢሆን ኖሮ!» አሉኝ። እኔም ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐወቅሁ። እስከዚያ ድረስ ማንበብ ለራሴ ክብር ይመስለኝ ነበርና።

ይህ ስሕተት በባላገር ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ ነበረ። እርሱም ከ1782 እስከ 1849 ዓ.ም. የኖረ፣ መጽሐፍ ቅዱስን የሚወድና ዕለት ዕለት የሚያነብ ሰው ነው። በትንቢተ ዳንኤል ውስጥ ያለውን የ2300 ቀን ቍጥር ቀኑን እንደ ዓመት እየቈጠረ አሰላና ጌታችን በ1843 ዓ.ም. ገደማ ይመጣል ብሎ አስተማረ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ተከተሉት። የተጠበቀው ጊዜ ባለፈ ጊዜ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ እንደ ገና አስልተው ጥቅምት 22 ቀን 1844 ዓ.ም. ብለው ቀን ቈረጡ። በመጨረሻም እርሱ ራሱ ተቀበለው።

ያች ቀን ስትቀርብ አንዳንዱ ገበሬ ሰብሉን ሳያጭድ ተወው፤ አንዳንዱም ነጋዴ ሱቁን ዘጋ። በዚያች ቀን በየቤታቸውና በየጸሎት ስፍራቸው ተሰብስበው እስከ ሌሊት ድረስ ጠበቁ። ቀኒቱም አለፈች፤ ሌላ ቀንም ነጋ። ብዙዎችም ምርር ብለው አለቀሱ፤ ሰዎችም አፌዙባቸው። ሚለርም በዘመኑ ቍጥር መሳሳቱን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ የጌታችንን መምጣት ተስፋ ግን እስኪሞት ድረስ አልተወም።

በዚህ ሰው ላይ ልንስቅ አይገባንም፤ ክፉ ሰው አልነበረምና። ያ መንገደኛ ለገንዘብ ብሎ ዋሸ፤ ሚለር ግን በቅንነት ተሳሳተ። ሆኖም የአሳቹም ዋሾነት የቅኑም ስሕተት የሚታወቀው በአንድ መለኪያ ነው። የዳንኤል ቍጥር የተሰወረ ነገር ነው፤ ቀኒቱን ማንም አያውቅም የሚለው የጌታ ቃል ግን የተገለጠ ነው። የተሰወረውን ይዞ የተገለጠውን የሚያልፍ ሰው፣ ብልህም ቢሆን ደግም ቢሆን መንገድ ይስታል። ደግሞም መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የሰው ስሌት ነው። ሚለርም ራሱ ይህን መመስከሩ ያስመሰግነዋል። ስሕተቱን የሚናዘዝ ሰው ከእውነት ሩቅ አይደለምና።

እንግዲህ ቀኑን ካላወቅን እንዴት እንጠብቅ? ጌታችን ይህን በምሳሌ አስተምሮናል። ዐሥር ቆነጃጅት ሙሽራውን ሊቀበሉ መብራታቸውን ይዘው ወጡ። ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ዐሥሩም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልብ በሉ፤ ልባሞቹም ሰነፎቹም ተኝተዋል። ልዩነታቸው በመተኛት አይደለም፤ በዘይቱ ነው። ልባሞቹ አስቀድመው በማሰሮ ዘይት ይዘው ነበር፤ ሰነፎቹ ግን አልያዙም። በእኩለ ሌሊትም «ሙሽራው መጣ» በተባለ ጊዜ ዘይት መበደር አልተቻለም። እናንተም የእናንተን ሃይማኖት ከወንድማችሁ መበደር፣ ጸሎታችሁንም ከጎረቤት መዋስ እንደማትችሉ ከዚህ ዕወቁ። ዘይቱ የሚዘጋጀው ቀን ሳለ፣ ዕለት ዕለት፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም በተጋመሰ ጊዜ የሚውለው አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ይባላል። በዚያን ቀን የጌታችን ዳግመኛ መምጣት ይሰበካል፤ ይዘመራልም። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ስድስተኛው እሑድ ደግሞ ገብር ኄር ይባላል፤ ይህም በግዕዝ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዚያን ቀን የመክሊቱ ምሳሌ ይነበባል። ጌታቸው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱም አንድ መክሊት ሰጥቷቸው ሄደ። ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን ፈርቶ መሬት ቈፍሮ ቀበረው። ከብዙ ዘመንም በኋላ ጌታቸው ተመልሶ ተቈጣጠራቸው። ልጆች ሆይ፤ የእነዚህን የሁለቱን እሑዶች ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ዛሬ ጌታ ይመጣል ይባላል፤ በሚመጣው እሑድ ደግሞ የተሰጠህን መክሊት ምን አደረግኸው ይባላል። ተስፋና ሥራ እንደ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው፤ አንዱ ከተፈታ ሌላው ብቻውን ማረስ አይችልም።

«ጌታችን ይህን ያህል ዘመን ስለ ምን ዘገየ?» የሚልም ይኖራል። እንዲህ ያለው ጥያቄ በሐዋርያት ዘመንም ነበረ። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ፣ በእግዚአብሔር ዘንድ የአንድ ቀንና የሺህ ዓመት ቍጥር እንደ እኛ ቍጥር እንዳልሆነ፣ የዘገየ የሚመስለንም ሁሉ ሰው ንስሓ ይገባ ዘንድ ስለሚታገሥ መሆኑን ጽፏል። ባላገር በግንቦት ዝናብ ቢዘገይበት እርሻውን ጥሎ አይሄድም፤ እንዲያውም ሁለተኛ ደግሞ ያርሳል፤ የደገመ እርሻ ዝናቡ በመጣ ጊዜ ይበልጥ ያፈራልና። የተጨመረልን ቀን ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የበደልነውን የምንክስበት፣ የተጣላነውን የምንታረቅበት ቀን ነው።

ይህን ሁሉ በገዛ ቋንቋችን ማንበብ መቻላችን ከብዙ ድካም የተገኘ ነው። በቀድሞ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ በአገራችን በግዕዝ ይነበብ ነበረ፤ ግዕዝ ያልተማረ ባላገር ግን ቃሉን በትርጓሜ ካልሆነ በቀር አይሰማውም ነበር። ከ200 ዓመት በፊት አባ አብርሃም፣ በሌላ ስማቸው አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ በግብጽ አገር በካይሮ ተቀምጠው ዐሥር ዓመት ያህል ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። ሥራቸውንም ከፈጸሙ በኋላ ብዙ ሳይቈዩ ዐረፉ። አራቱ ወንጌላት በ1824 ዓ.ም. ታተሙ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ በ1840 ዓ.ም. ታተመ። አባ አብርሃም የታተመውን መጽሐፍ በዐይናቸው አላዩም። እርሳቸው የዘሩትን ሌላ ሰው አጨደ። ተስፋ ያለው ሰው እንዲህ ይሠራል፤ ፍሬውን ባያይም ዘሩን አይበላም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ምንባብ ሦስት ነገር ያዙ። መጀመሪያ፣ የጌታችን መምጣት እርግጥ ነው፤ የነገረን እርሱ ራሱ ነውና። ሁለተኛ፣ ቀኒቱ የተሰወረች ናት፤ ስለዚህ ማንም ሰው «ቀኑን ዐውቄዋለሁ» ቢላችሁ፣ ጺሙ ረዥም ቢሆን፣ ቃሉም ጣፋጭ ቢሆን፣ በወረቀት ጽፎ ቢያሳያችሁም መጽሐፉን ገልጣችሁ መዝኑት። ሲመዝኑም አትሳደቡ፤ የቤርያ ሰዎች በትሕትና መረመሩ እንጂ በስድብ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዛሬ የተሰጣችሁን ሥራ ዛሬ ሥሩ። ትምህርታችሁን አጥኑ፤ እናታችሁን አግዙ፤ የወሰዳችሁትን መልሱ፤ የዋሻችሁትን አርሙ፤ ከተጣላችሁት ጋራ ፀሐይ ሳይጠልቅ ታረቁ።

ደግሞም ማንበብ የቻለ ልጅ ማንበብ ላልቻለ ሰው ዕዳ እንዳለበት አትርሱ። በየመንደራችሁ እንደዚያች ባልቴት ያሉ ሰዎች አሉ፤ ሰው የነገራቸውን ሁሉ የሚያምኑ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ የሚያነብላቸው ስላጡ ነው። ስለዚህ ማታ ከእሳቱ ዳር ስትቀመጡ ለአያታችሁ፣ ለጎረቤታችሁም ከወንጌሉ አንድ ምዕራፍ አንብቡላቸው። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን የአንድ ቤት ዘርና የአንድ ቤት ጊደር ሊያድን ይችላል፤ ከዚያም የሚበልጠውን፣ የአንድን ልብ ሰላም ይጠብቃል።

ያ ሦስተኛው ልጅ ውኃውን ቀድቶ፣ እንጨቱንም ለቅሞ ከጉብታው ላይ ወጥቶ ነበረ። አንድ ቀን ማታም በመንገዱ ላይ አቧራ ተነሥቶ አየ፤ የአባቱንም አካሄድ ከሩቅ ዐወቀው። እርሱም አልተሸሸገም፤ ሮጦ ተቀበለው እንጂ። ሥራውን የፈጸመ ልጅ የአባቱን መምጣት አይፈራምና።